ፍቺ

ከለንደን ደብዳቤ ደረሰን ሰኞ ለት፣
ዲሬጉሌሽን የሚል ቃል ያለበት።
አለቃዬ ክሊፍተን መነጽሩን ወልውሎ
አነበበው ጮኾ፣ ሁለት ጊዜ ስሎ።
«ፍቺው ምንድን ነው?» አልኩት።
«መፍታት ነዋ፣ መፍታት! ደንብ ነው የሚፈታ፤
አውቶቡስ እንደ ልቡ ይሂድ ጠዋት ማታ።»

እኔ ሰዓት ጻፊ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
በእርሳስ በማስመሪያ የኖርኩ እዚህ ቤት።
በዮርክሻየር ሸለቆ በረዶ ሲጋገር
የቱ ዳገት እንደሚያዳልጥ፣ ማን የት እንደሚሳፈር
በጣቴ አውቃለሁ።
ያቺ ኢኒድ ሆልሮይድ፣ የሆስፒታል ጽዳት፣
ለእሷ ነው የጻፍኩት ያንን የሌሊት ሰዓት፦
ዐሥራ አንድ ከዐሥር።
ብዙ ጊዜ ብቻዋን፤ ባዶ ነው ወንበሩ፤
ጉድለቷን ይሞላል የገበያ መስመሩ።
ደንብ የምንለው ይኸው ነበር።
(ቅዱስ ነው አልልም፤ አንዲት ፌርማታ ለማዛወር
ሦስት ማኅተም፣ ሰባት ወር።)

ጥቅምት ላይ ተፈታ።
መጀመሪያ ሰሞን፣ አልዋሽም፣ ሠርግ ነበር፤
ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ በአደባባዩ ዳር፣
አንዱን ተሳፋሪ አምስት ሾፌሮች ሲሻሙ፣
ዋጋ ሲቆርጡለት፣ ሲጠሩት በስሙ፤
አንዱማ ብስኩት አደለ።
ክሊፍተን ሳቀብኝ፦ «አየኸው ነጻነት?»
አየሁ። ብስኩቱንም በላሁት።

ብርዱ ሲበረታ ቢጫው ከሰረና፣
ቀዩን ሰማያዊው ጠቀለለውና፣
ብቻውን ሲቀር ዋጋውን ሰቀለ፤
ሽቅቡን ትቶ ሜዳ ሜዳ አለ።
እሑድ ጭራሽ የለም።
«ገበያው ያውቃል» የሚል ክሊፍተን የለጠፈው
ሙጫው ለቆት ወደቀ፤ ማንም አላነሣው።

ኢኒድ መጣች ቢሮ፤ በእጇ አሮጌው ሠሌዳ።
«ዐሥራ አንድ ከዐሥር የታለች?»
«ተፈታች» አልኳት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።
ዝም አለች። ወረቀቱን አጠፈችው በአራት።
«እኔ የማውቀው ፍቺ ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ነው፤
እሱም ‹እንደ ልቤ› ነበር ሲወጣ ያለው።
ልጆቹን ማን ያሳድግ? እሱ አልተጻፈም ነበር።»

መልስ ፍለጋ አዲሱን መዝገብ ገለጥኩ፤
ከዐሥራ አንድ እስከ አንድ
በገዛ ማስመሪያዬ የተሰመረ ነጭ ብቻ።

በሩ ጋ ስትደርስ የጫማዋ ክር ተፈትቶ አየች፤
ጎንበስ አለች፣
ሁለቴ ቋጠረች፣ ጠበቅ አደረገች፣
ዳገቱን በእግሯ ጀመረች።