ሎኽ

ስሜ ልንገረው ነው። ሥራዬም እንደ ስሜ፣
ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ እንግዳ ፊት ቆሜ
ለመጣው ሁሉ መንገር፦ ይኸ ደብረ ማርያም፣
ያኛው ክብራን ገብርኤል፣ ሴት አይገባበትም፤
ጥቁሩ ድንጋይ ድንጋይ አይደለም፣ ጉማሬ፤
እጅዎን ይሰብስቡ፣ እመቤቴ፣ ቁጡ ነው ዛሬ።

እንግሊዝኛ ያስቆጠረኝ ህንዱ ሚስተር ኩሪያን ነው፤
ዘጠነኛ ለ፣ ጣራው ክረምቱን የሚያፈሰው።
አንገቱን እንደ ደንገል በነፋስ እያወዛወዘ፣
እያንዳንዷን «ር» በምላሱ ጫፍ እየመዘዘ
«ዋተርር» ይለናል፤ «ዋተርር» እንለዋለን፤
ሐይቁ በተሰበረው መስኮት አጮልቆ እያየን።

ኋላ አስጎብኚ ስሆን ጆሮዬ ነጋዴ ሆነ፤
እንግሊዝኛን እንደ ጤፍ እያፈሰ መዘነ።
ማኛው የለንደን፤ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣
«ር»ን ውጦ የሚናገር፣ በርካሽ የማይገዛ።
ነጩ የአሜሪካ፤ በአፍንጫው የሚያዜም፤
ውኃን «ዋራ» ይላል፤ ጉርሻ ግን አይነፍግም።
ሰርገኛው የአውስትራልያ፤ አንዱ «ዛሬ ገባሁ» ሲለኝ
በዚያ አነጋገሩ «ልሞት መጣሁ» ያለ መስሎኝ
ሮጬ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበስኩት፤
እስከ ዘጌ ድረስም ከዓይኔ ሥር አልለየሁት።
የናይጄሪያው መሐንዲስ፣ ቃል እንደ ምስማር የሚመታ፣
አንዱም ሳይጣመምበት ልክ የሚያስገባ በቦታ፣
ከጥቁሩ ጤፍ ደመርኩት። (ስጽፈው ያሳፍረኛል።)
የኩሪያንንና የኔን? ገለባ ማን ይመዝናል።

ደግሞ አለ የባሰ።
ለፈቃድ ፈተና አዲስ አበባ ወጥቼ
«ኸባሕር ዳር ነው የመጣሁ» ብዬ አፌን ከፍቼ
ሳልጨርስ አዳራሹ ሳቀ።
በእንግሊዝኛዬ ቢሆን ምናለ፤ በአማርኛዬ በሳቅ አለቀ።
ከዚያ ወዲያ «ኽ»ን ጉሮሮዬ ሥር ቀበርኳት፤
«ከ፣ ከ፣ ከ» እያልኩ እንደ ዶሮ ስድስት ዓመት ተኛሁባት።

ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ሐይቁ እስከ አፉ ሞልቶ፣
ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ቆመ ከመንገድ ቀርቶ።
ጸጥ።
አንዲት ባልቴት ከስኮትላንድ፣ ሰማያዊ የሱፍ ቆብ ያደረገች፣
ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ ጣቷን ውኃው ውስጥ ነክራ
«ሎኽ» አለች።
ኽ!
ያቺው የኔዋ፣ ራቁቷን፣ ከጉሮሮ ሥር ተነሥታ
ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፣ ማፈር የሚሉትን ረስታ።
ቀጠለች። ቃሏ ሁሉ በጠጠር ላይ እንደሚሄድ ጋሪ፤
አጠገቧ ያለው የለንደን ልጅ፣ ፎቶ አንሺ፣ ተናጋሪ፣
«ሎክ ነው ያለችው?» አለ። ግራ ገብቶት ዞረ፤
ወደ ማን? ወደ ልንገረው!
«ምን አለች?»
ማኛው ከገለባው ዘንድ ወንፊት ሊበደር መጣ፤
እኔም ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ላቤ እየወጣ፦
«ሐይቅ ማለቷ ነው፤ በአገሯም አለ እንዲህ ያለ፤
አባቷ መሐል ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዝም እያለ
ያዳምጥ ነበር አለች።» «ምኑን?» «አልነገራትም።»
«ር»ዎቿ በሙሉ የኩሪያን ነበሩ፤ አንዷም አልጠፋችብኝም።

ረዳቴ ጥጋቡ የሞተሩን ገመድ ሲስብ
«ኸኋላ ግፋው!» አልኩ፣ ድንገት፣ ሳላስብ።
ማንም አልሳቀ። ባልቴቷ ብቻ ቀና አለች፣
የአገሯን ሰው ገበያ መሐል እንዳየች።
ስሜን ጠየቀችኝ። «ልንገርርረው» አለች፤ «ር»ዋ በዛባት፤
እኔም አላረምኳት።

ማታ ልጄ ትብለጥ፣ ስልኳ ላይ ተደፍታ፣
ከየትኛው አሜሪካዊ እንደሆን እንጃ ተምራ መጥታ
«አባባ፣ ዋተርር አይባልም፤ ዋራ ነው» አለችኝ።
ብርጭቆውን ሞልቼ ሰጠኋት።
«ኸየት ቀዳኸው?» ብላ፣ ጠጥታ፣ መለሰችልኝ።