ባዶ ሳጥን

ከቅጹ አናት ላይ ስሜ ተጽፏል፣
ሉባባ ይማም፤ ቀጥሎ «አካውንቲንግ» ይላል።
ከሱ ዝቅ ብሎ ግን ባዶ ሳጥን አለ፣
የጥፍሬን የሚያህል፣ «ሁለተኛ ዘርፍ» የተባለ።
እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ካልሞላሽ ይለኛል፤
ሬጅስትራሩ እንደሁ ደቂቃ ይቆጥራል።

ደሴ ምክር ሞልቷል እንደ ጉም በማለዳ፣
ሳይጠሩት ይገባል በበርም በጓዳ።
ፎዚያ ካልጋዋ ላይ ጠጉሯን እየሠራች፣
«አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፣ ማርኬቲንግ ነው» አለች።
አጎቴ ከወልዲያ በስልክ ጮኸ፦ «ማኔጅመንት!
ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ማዘዝ ነው ዕውቀት።»
መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
መምህር አበጋዝ መነጽሩን ጠርጎ፣
«መደመሩን» አለኝ «ማሽኑ ወሰደው፤
ሲስተም ተማሪበት፣ ቀድመሽ እንድትይዥው።»
«እሺ» አልኩ ለሁሉም። እሺ ማለት ቀላል፤
ሳጥኑ ግን ጠባብ ነው፣ አንድ እሺ ይይዛል።

አምና ክረምት፣ ወረኢሉ፣ ያባቴን ደብተር ያዝኩ፣
ዱቤውን፣ ኪራዩን፣ የጫኙን መዘገብኩ።
ግራው ከቀኝ ገጠመ፣ ሳንቲም ሳይዛነፍ፤
ብድግ ብዬ አሳየሁት፣ እንደ ልጅ ስንሳፈፍ።
አባቴ አነበበው ጣቱን እያስኬደ፣
ምንም ሳይለኝ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ።
ጓሮው ውስጥ ከጊራና የመጣ አርባ ሳጥን፣
ቲማቲሙን አዝሎ፣ እያለቀሰ ጠበቀን።
መኪናው ሐይቅ ላይ ሦስት ቀን ቆሞ ነበር፣
ሹፌሩ፣ ሰርግ ደርሶበት፣ እህቱን ሊድር።
ሂሳቡ ልክ ነበር። ቲማቲሙ ግን በስብሷል።
«ልክ ነው» አለ አባቴ፤ «ልክ መሆኑ ያናድዳል።»

ረቡዕ ከክፍል ቀርቼ ሐረጎን ወረድኩ፣
ጉሙ ከኋላ ቀረ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ።
ኮምቦልቻ፣ ደረቁ ወደብ፣ አጥሩን ተጠግቼ፣
ባሕር የሌለው ወደብ አየሁ፣ አፌን ከፍቼ።
ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ፤ ከጥላው ሥር ሹፌሮች፣
ካርታ ይጫወታሉ፣ የወረቀት እስረኞች።
አንዱን ጠየቅሁት። «አራተኛ ቀኔ ነው» አለ።
«ምን ጎደለ?» «ማህተም።» «ዕቃውስ?» «ዕቃው አለ።»
ፊቴ ጠቆረ መሰል፣ ሳቀና «አብሽሪ፣
የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ሂጂ ተማሪ!»

ዳገቱን ስመለስ፣ ሚኒባሱ ሲያቃስት፣
ከጎኔ አንዲት እናት፣ ጉልበቷ ላይ ካርቶን፣ ጫጩት የሚንጫጫበት።
«ጉሙ ሳይጀምር» አለች «ቶሎ ልሸፍናቸው»፣
ነጠላዋን አወለቀች፣ ደረበችላቸው።
ረዳቱ ሒሳብ ይላል፤ እኔ ሐሳብ ወሰደኝ፣
ሁለቴ ጠይቆኝ ነው ሳንቲሜን ያስታወሰኝ።
ደብተር የሚጽፈው የደረሰውን ነው፤
ያልደረሰውንስ ማን ነው የሚጽፈው?

ሐሙስ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን፣
«ሎጂስቲክስ» ብዬ ሞላሁ ያን ባዶ ሳጥን።
ጠበበና ፊደሉን፣ «ክስ» ከመስመር ወጣ፤
ፎዚያ አይታ ሳቀች፦ «ክሱ ከየት መጣ?»

አባቴ በስልክ፣ «ምን ይሆን የሚያስተምርሽ?» አለኝ፤
«ሹፌር እህቱን ሲድር የሚደረገውን» አልኩኝ።
ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «ይኼማ መች ጠፋኝ፣
ሰርጉን ቀድሞ መጠየቅ ነው» አለና ዘጋብኝ።

አርብ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣
ሬጅስትራሩ ቅጹን ሳያየው ማህተም መታበት።