ባለ ገመዱ

ከአራዳ ወደ ታች፣ ከደረጃው ጎን፣
ባየልኝ ሱቅ ገባሁ ልመርጥ ሄድፎን።
ባለ ገመድ ነው የምሻው፤ ገመድ አልባው ይቅርብኝ፤
አንድ ሌሊት በጨዋታው መሐል ባትሪው አልቆ ጉድ ሠራኝ፤
የጠላትን ኮቴ ደብቆ፣ የጓዴን ጩኸት ቆርጦ፣
ቀይ ዓይኑን ሁለቴ ጠቀሰኝና ተኛ ተገላብጦ።
ባለ ገመድ እንኳ መብራት ሲሄድ አብሮኝ ይጨልማል፤
ብቻዬን ጥሎኝ አይሞትም፤
ከዚህ በላይ ታማኝ ዕቃ አላውቅም።

ባየልኝ አንዱን አወጣ፣ ጎኑ ላይ ቀይ መብራት የሚዞር፤
«ይኼ ነው» አለ፣ «ጥምቀት በየቀኑ ጆሮህ ላይ የሚያድር!»
ሰካሁት። ባሱ ደበደበኝ፤ ነጋሪት ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፤
ኮቴው፣ የበሩ ሲጥሲጥታ፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ጠፋብኝ።

ሁለተኛው ቆዳ መሰል፣ ጥቁር፣ ለስላሳ፤
ድምፁ ሸጋ፣ የማይጮኽ፣ የማይሳሳ፤
ግን ባምስት ደቂቃ ጆሮዬን በላብ አጠመቀ፣
የመነጽሬን እግር ካጥንቴ ጋር አጣበቀ።

ሦስተኛው ግራጫ ነው። መልክ የለው፣ መብራት የለው፤
ትራሱ ጨርቅ፣ ገመዱ እንደ ጫማ ማሰሪያ በክር የተለበጠ ነው።
ሰካሁት። ዝናብ ነበር፣ ጨዋታው ውስጥ የሚዘንበው፤
ከኋላዬ፣ በስተግራ፣ አንድ ሰው ጠጠር ረገጠው።
ዞርኩ። በስክሪኑ አይደለም፣ በገዛ አንገቴ ነው የዞርኩት፤
ባየልኝ ሳቀብኝ፤ «ሰውዬው ወጥቷል፣ አሁን ሸኘሁት!»

«ድምፁ ይሁን፤ ምቾት ግን» አልኩት፣ «በደቂቃ አይታወቅም፤
አዲስ ጫማም ሱቅ ውስጥ ማንንም ነክሶ አያውቅም።»
መታወቂያዬን አስይዤ እስካስር ሰዓት ተዋስኩት፤
ገመዱን ኪሴ ከትቼ፣ ራሴ ላይ እንዳለ ወሰድኩት።

ሊስትሮው ጥላው «ምን ዘፈን ነው?» አለኝ፤ «ምንም» አልኩት፤
ጆሮውን አስጠግቶ ሞከረ፤ «እውነትም»፤ ተሳሳቅንበት።
እትዬ አንጓች፣ ጎረቤታችን፣ ከጃንተከል ሥር አገኙኝ፤
ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ረጅም ነገር ነገሩኝ፤
ባክብሮት ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሳወልቀው ለካ ጉድ ሆኗል፦
«እንግዲያው ቅዳሜ ግማሽ ኩንታል ድንች ልትሸከምልኝ ተስማምተሃል!»

ከግንቡ ጥላ ተቀመጥኩ። ጨርቁ ጆሮዬን ሳይጫን ከቦታል፤
በዝምታው ውስጥ የራሴ ደም፣ እንደ ሩቅ መኪና፣ ያልፋል።
አንድ ሰዓት። ሁለት። ራሴ ላይ መኖሩን ረሳሁት፤
መነጽሬን ላስተካክል እጄን ስሰድ ነው ዳግም ያገኘሁት።

«ሦስት ሺህ።» «ለመብራቱ ስንት?» «መብራት የለውማ!» «ቀንስ፤
ላልበራልኝ ቀይ ቀለበት ሁለት መቶ ብር መልስ።»
መለሰልኝ።

ማታ፣ ማራኪ፣ እናቴ ከመጋረጃው ማዶ ተኝታለች፤
አንዲት ጥይት ከጨርቁ አምልጣ ወደሷ አልሄደች።
እንየው ካዘዞ ገባ፤ ስምንት ወር አብረን ተዋግተናል፤
ባሮጌው ማዳመጫ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ይመስላል፤
«ግራ!» «ቀኝ!» «ሽፋን!»፤ ሌላ አላውቅለትም።
ዛሬ ግን ከ«ግራ!»ው ጀርባ አንድ ቀጭን ነገር አለ፤
በሁለት ትእዛዝ መሐል «እሽ፣ እሽ፣ እሹሩሩ» እያለ።

«እንየው፣ ሕፃን ነው?»
«አራት ወሯ ነው። እስከ ዛሬ አልሰማህም?»
እጄ ማውሱ ላይ ቆመ። «አልሰማሁም።»
«ሁልጊዜ ጭኔ ላይ ናት፤ አንተ ስትጮኽ ነው የነቃችው።»

ከዚያ በሹክሹክታ ተዋጋን።
በስተግራ ኮቴ መጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ጠጠር በጠጠር፤
«ኋላህን!» ብዬ ልጮኽ ነበር።
ተውኩት።
እሱም ወደቀ፣ እኔም ወደቅሁ፤ ስክሪኑ ቀላ፤
ሌላ ድምፅ አልነበረም፣ ከልጅቷ ትንፋሽ ሌላ።
ስሟን ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።