አራት ድንጋይ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ መረብ ሲጠግን አገኘሁት፤
አንድ ክር የጎደላት ክራሬን፣ ምንም ሳልናገር ሰጠሁት።
«ጅማት የለኝም» አለ ዳምጤ፣ «በሬም አላረድኩ ዘንድሮ፤
ናይለን ግን ሞልቷል፣ ዓሣው የጠላው፣ የተረፈኝ ከአምና ኑሮ።»

ከዳሱ አግዳሚ አሰረና፣ አንድ ክንድ ክሩን ነጥሎ፣
ከመረቡ ማስጠሚያ ድንጋይ፣ አንዱን ከሥር አንጠልጥሎ፣
በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፤
ድም አለ። ወፍራም፣ ሰነፍ ድምፅ፣ እንቅልፍ ገና ያልለቀቀው።

«እጥፉን እንስጠው እስኪ» ብሎ፣ ሁለተኛ ጨመረ፤
ክሩ ከረረ፤
ድምፁም ከረረ፤ ግን ካሰበው ቦታ ሳይደርስ ቀረ።
ሦስተኛ። ጥቂት ወጣ። ዳምጤ መሬት ተቀመጠ፤
ጆሮውን ወደ ክሩ አዘንብሎ፣ ስሙ እንዳዘዘው አዳመጠ።

አራተኛው ላይ ሳቀ።
ያው ድምፅ ነበር፣ ያው የመጀመሪያው፣ ልጅ ሆኖ ግን የደመቀ፤
አባት በወፍራሙ ጀምሮ፣ ልጅ በቀጭኑ እንደሚቀበል።
ለካ ድምፅ በእጥፍ ሊወጣ፣ ግድ ነው ሸክሙ አራት ሊያህል።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሃያ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ፣
«የውጥረት ዳግም ዘር» ስል፣ ስጽፍ፣ ከደብተር ስቀዳ፣
ለፈተና አወጣሁት እንጂ፣ በጣቴ አልነካሁትም፤
ዘሩን በጠመኔ ዘራሁ እንጂ፣ ሲበቅል አልሰማሁትም።

ይህን ብነግረው፣
«እኔም ላይ ተሰቅሏል» አለኝ፣ ጣቱ ጠባሳ የለበሰ፣
መርፌውን ናይለን እያጎረሰ፤
«እምቦጩ፣ አንድ። የጀልባው ዕዳ፣ ሁለት።
ዓሣው ከዳር የሸሸው፣ ሦስት።
የሙጪት ሞት፣ አራት።
ተጎትቼ፣ ተጎትቼ በአራት፣
ቀበሌ ቆሜ ስናገር፣ ድምፄ የወጣው በሁለት።»

አምስተኛውን አነሳ። «ይበጠሳል» አልኩት። በእጁ መዘነው፤
ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረወረው፤ ክቡ እስኪጠፋ አየነው።

ክሩን ወስጄ ወጠርኩት፣ ቃኘሁት፣ እሰይ ብዬ ተኛሁ፤
ጠዋት፣ ከሐይቁ ጉም ጋር፣ የላላ ክር አገኘሁ።
ናይለን ልማዱ ነው፤ ሌሊቱን፣ ሰው ሳያየው ይረዝማል፤
የጫኑበትን ይለምድና፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።
ቃኘሁት። በማግስቱም። በሠልስቱም። ሳምንት ሙሉ።

አሁን ጸንቷል። ቃናውም ደህና፤
ብቻ በመታሁት ቁጥር፣ ጣቴ ዓሣ ዓሣ ይላል።