ወራጅ ውሃ

ከመዝገብ ቤት ጓዳ ሠላሳ ዓመት ኖርኩኝ፣
አቧራና ማኅተም ጣቴ ላይ ቀሩብኝ፤
ብዙውን ረሳሁ፤ አንዱ ግን አልተወኝ፦
የቀሃ ዳር ሙግት፣ የወይዘሮ ጥሩአይነት፣
ጎመኗ ጠውልጎ ውሃ የጠፋ ዕለት።

ከላይ፣ ከድልድዩ፣ ደምለው ግንብ አቆመ፤
ሞተሩ ሲነሣ ወንዙ ደካከመ፤
ባጃጅ ታጠበበት፣ አይሱዙም አማረ፣
ከታች መደቧ ግን እንደ ቆዳ ከረረ።

ክፉ ሰው አልነበር።
የሰፈሩን ደብር ቆርቆሮ አልብሶታል፣
ለሙት ልጅ ደብተሩን በየዓመቱ ገዝቷል፤
የችሎቱን ዳኛም፣ ሕግ ሲማር ማራኪ፣
ኪራዩን ከፋይ ነው፣ ስንቁንም ላኪ።

«እኔ ልርዳት» አለ በችሎቱ መሐል፣
«ወር በወር ልቁረጥላት፤ ጎመን ምን ያደርጋል?
ለርሷው ብዬ ነው፣ ጌታዬ፤ አርጅታለች፤
ዐርፋ ብትቀመጥ በምን ትጎዳለች?»

ተነሣች፣ ነጠላዋን አደግድጋ።

«ምጽዋት አልጠየቅሁም፣ ይስጥልኝ ጌታዬ፤
ሳቁ ሲጠፋበት ይጠፋል ጉርሻዬ።
ደግነቱ ለራሱ፣ ለነፍሱ ይሁነው፤
እኔ የምለው ግን ወንዙን ነው፣ ወንዙን ነው።
ሰው ነኝ፤ የሰው መሣሪያ አይደለሁም ከቶ፣
ደስታዬን ማን ሰፋው በራሱ ክንድ ለክቶ?»

ጸጥ አለ። ዳኛው ብዕሩን ነከሰ፤
ያ የቤት ኪራይ ዛሬ ከጉሮሮው ደረሰ።
እኔ ጸሐፊው አየሁ፤ ላብ በግንባሩ ላይ፤
ውለታን ቢከፍል ማን ነበረ የሚያይ?
ቀና አለና አዘዘኝ፦
«ይህ ሰው አብልቶኛል። ጻፈው፣ መዝገብ ላይ።
ካልሽም እነሣለሁ፣ ሌላ ዳኛ ይታይ።»
«ቁጭ በል» አለችው፤ «ያበላህን አትካድ፣
ሕጉን ግን አታብላው። ሌላው ግድ የለም፣ ፍረድ።»

ድሮ ሲተርቱ፣ «በሕግ አምላክ ሲባል
እንኳን ሰው ቀርቶና ወራጅ ውሃ ይቆማል»፤
ዳኛው ገለበጠው፦ «ሕግ ውሃ አያቆምም፣
ውሃ ያቆመውን ነው፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም።
ከአንተም በላይ ሰው አለ፤ እርሱም እንዳንተ ቢያስብ
ሞተርህ ምን ይጠጣል? በምንስ ልታጥብ?
መኪና ማጠብህ ያንተ ነጻነት ነው፤
ጎመን ትትከል እሾህ፣ እርሱም የርሷው ነው፤
ማን በምን ደስ ይበለው፣ መንግሥት አያውቀው፤
ሰው ሰውን ያጠረበትን ግንብ ግን ያፍርሰው።»

ግንቡ ሐሙስ ፈረሰ፣ ሁለት ፖሊስ ቆሞ፤
ደምለው እስከ ፋሲካ ሰላምታዬን ጾሞ።

ጡረታ ወጣሁኝ። ትናንት በማለዳ
አየኋት ጥሩአይነትን ወንዙን ስትነዳ፤
ድንጋይ ደርድራለች፣ በጭቃ መርጋለች፣
ሙሉውን ለመደቧ ጠልፋ ወስዳለች።
ከታች፣ ከጥምቀተ ባሕሩ ወዲህ፣
ሰላጣ የተከለ አንድ የማላውቀው ልጅ
ብድግ አለና
«በሕግ አምላክ!» አላት።

ዶማዋ አየር ላይ ቀረ።
ዞር ብላ አየችው፤ ዘመዷ አይደለም፣ ጌታዋም አይደለም፤
ዱላ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ፖሊስ በአቅራቢያው የለም።
ቆየች።
ከዚያ በተረከዟ ጭቃውን ገፋችው፤
ግማሹ ውሃ ወደ ልጁ ወረደ።
እየተራገመች ነበር። እርሱን አልመዘገብኩም።