አርባ አንደኛው አበዳሪ

ሬቨንሾ ላይ ሣር አጫጅ ነኝ፤ ሞላኝ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
በዝናብ ውስጥ፣ በኖራ፣ ነጭ መስመር ያሰመርኩበት።
ክለባችን ትንሽ ነው፤ ጣሪያው ዝናብ ያፈሳል፣
ግን ቅዳሜ ከሰዓት ከተማው እዚያ ይደርሳል።
የጥጥ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሸማኔው ሁሉ ሲሰደድ፣
ያልተዘጋ በር ቢኖር የኛው ነበር በመንገድ።

በጥቅምት አንድ ሰው መጣ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣
ትኬቱን ቆርጦ ገብቶ አምስተኛው ረድፍ ደረሰ።
ትሬልፎል ነው ስሙ። ኳስ ወዲያ ስትሄድ ወዲህ ያያል፣
ወንበር ይቆጥራል፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ይቆጥራል።
ጎል ስናገባ አይነሣም፤
ሲገባብንም አያዝንም።

"ሊገዛን ነው" አለች ሞይራ፣ ማልያ አጣቢዋ፣
አረፋ የነካው ጣቷን አንሥታ ከገንዳዋ።
ሳምንት ሄደ፤ አልገዛንም። ወር ሄደ፤ አልገዛንም።
ይመጣል ግን፤ አንድ ቅዳሜም አይቀርም።

አንድ ቀን ጠየቅሁት፣ ማጨጃዬን አጥፍቼ፦
"ጌታዬ፣ ምን ይጠብቃሉ?" አልኩት ፈራ ተባ ብዬ ቀርቤ ፊቱ ቆሜ።
ሳቀ።
"እናቴ ዓሣ ልትገዛ ጠዋት አትወጣም ገበያ፤
ትቆማለች ከመንገዱ ማዶ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ወዲያ።
ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ በረዶው ቀልጦ ሲንጠፈጠፍ፣
ዋጋው በጠመኔ ተሰርዞ ግማሹ ሲጻፍ፣
ያኔ ትሻገራለች።
ከቀደመች ትከስራለች፤
ከዘገየች ግማቱን ተሸክማ ትገባለች።
ክለባችሁም ዓሣ ነው፤ በረዶው ደግሞ ብድሩ፣
ይቀልጣል በየወሩ።"

ብድሩንማ አውቀዋለሁ። የድሮው ባለቤት
አዲስ መብራት ላቁም ብሎ የተዘፈቀበት።
ወለዱ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅም አይቶ፣
በራችንን ያንኳኳል እኩለ ሌሊት መጥቶ።
መክፈያው መጋቢት ሠላሳ።
ከዚያ ቀን በፊት የገዛ ዕዳውንም አብሮ ይገዛል፤
ከዚያ ወዲያ የመጣ ሣርና አጥሩን ይይዛል።

ስለዚህ ጠበቀ።
ታኅሣሥ ደመወዝ ቀረ። ጥር ላይ ጋዙ አለቀ።
ሞይራ በቀዝቃዛ ውኃ ማልያውን አጠበች፣
"ነገ ይከፍሉኛል" እያለች።
እኔም የኖራውን ዋጋ ከኪሴ አወጣሁ፤
መስመር የሌለው ሜዳ ምን ሊባል ነው ብዬ ሰጋሁ።
ግራ መስመር የሚበር ልጅ ነበረን፣ ጃጎ ሊድል፣
ኳስ ከእግሩ የማትነጠል።
የካቲት ላይ ሸጡት፤ የተሸጠበት ዋጋ
የሁለት ወር ወለድ ሆኖ አለቀ ሳይነጋ።

ሰውየው ረድፉ ላይ ነው።
ክፉ እንኳ አይደለም፤ ለሞይራ ሻይ ገዝቶላታል፤
እናት ያስተማረችው ግን ከልብ መች ይወጣል?

መጋቢት ሠላሳ ደረሰ። በራችን ላይ ወረቀት ተለጠፈ።
ሒሳብ አጣሪ መጣች፤ ስማችን በተራ ተጻፈ።
አሥራ ሁለት ነጥብ ቀነሱብን፤ ቁልቁል ወረድን፣
ኳስ ሳይነካ፣ ፊሽካ ሳይነፋ፣ በእስክሪብቶ ታረድን።

በማግስቱ ሰውየው መንገዱን ተሻገረ።
በአንድ ፓውንድ ገዛን። ሳንቲሙ ጠረጴዛው ላይ ሲሽከረከር ነበረ።
ልብስ መቀየሪያው ሻግቷል፤ ሲገባ አፍንጫውን ያዘ።
ስንት ደቂቃ ዘግይቶ ይሆን? እኔ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልተናዘዘ።

ዝርዝሩን አሳዩኝ፦ ባንኩ አንደኛ፣ ግብር ሰብሳቢው ሁለተኛ፣
ሥጋ ነጋዴው ሃያ ሰባተኛ፣
ሞይራ አርባኛ፣
ከሷ ሥር፣ በደቃቃ ፊደል፣ ዊልፍ ኤንትዊስል፣ አርባ አንደኛ።
ለካ እኔም አበዳሪ!
ለካ እኔም ባለገንዘብ፣ ሳላውቀው የከበርኩ ኗሪ!
ያልተከፈለኝ ሦስት ወር፣ የኖራው ስድስት ከረጢት፤
"ከፓውንዱ ሰባት ፔንስ ይደርስሃል" አሉኝ በትሕትና፣ በትዕግሥት።
ዕዳ ከሜዳ ማለት ለካ ትርጉሙ ይህ ነው፤
ከሣሩ ጋር ሲበቅል ያጨድኩት እኔው ነኝ፣ እኔው።

ትናንት ትሬልፎል ጠራኝ። "ነሐሴ ላይ እንጀምራለን፤
ጣሪያውን አሠራለሁ፤ ሁሉን ከዜሮ እንቆጥራለን።
ኖራ ግዛ" አለኝ። "ሒሳቡን ኋላ እናያለን።"

ዝም አልኩ። ግራ መስመሩ ጥግ፣
ጃጎ ሲሮጥበት የተላጨው መሬት አቆጥቁጧል ሊያድግ፤
ዋጋ ይውጣ ይውረድ ሳይል፣ ቀን ሳይመርጥ፣ ማንንም ሳይጠብቅ።
ኖራውን ገዛሁት።
ደረሰኙን ግን፣ ዘንድሮ፣ ኪሴ ውስጥ ነው ያኖርኩት።