አብሽር

ሸዋ በር ቁልቁል ላይ፣ ከወፍጮ ቤት አጥር፣
ጉሙ እንደ ደንበኛ እየገባ ሲዞር፣
ሳይገዛ የሚወጣ፣ ዋጋም ሳይጠይቅ፣
ዝገት አስታቅፎኝ ጦሳ ላይ የሚዘልቅ፤
እዚያ ነው ሥራዬ። በር፣ መስኮት፣ መዝጊያ፣
ለበረንዳ አጥር፣ ለቁም ሳጥን ማጠፊያ።

ስጀምር፣ እውነት ነው፣ ሰው አልመርጥም ነበር፤
"ና ግባ" ነው ቃሌ፣ ሁሌም ክፍት በር።
ባዶ እጅ ከመዋል ይሻላል በማለት፣
ላየኝ ሁሉ ስስቅ፣ እንደ ሱቅ መስታወት።
መብራት የመጣ ቀን ሌሊቱም ይነጋል፣
እሳቱ ዓይኔን ልጦት ትራሴ ይረጥባል።
ድንች ቆራርጬ በዓይኔ ጥዬ ተኝቼ፣
የስንቱን ቤት ዘጋሁ የኔን ክፍት ትቼ።

ሽፋው የሚባል መጣ፣ ባለ አራት ፎቁ፤
ቀብድ ስጠይቀው ቀልዱን ማድመቁ!
"አብሽር!" አለኝ፣ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርጎ፣
"እንዳንተ ያለ እጅ የት ይገኛል ተፈልጎ?"
ዐሥራ ስምንት መስኮት ሠራሁ በዚያች ቃል።
መስኮቱ ሲያልቅ ግን ልኩ ይለወጣል፤
"ትንሽ ሰፋ ይበል"፣ ቀጥሎ ደግሞ "ይጥበብ"፣
ደግሞ የወንድሙ ሚስት ቀለም እስክታስብ።
ገንዘቡን ስጠይቅ፣ "ነገ ባንክ ሲከፈት"፤
ባንኩማ ተከፍቶ ተዘጋ ስንት ዓመት።
"አብሽር" አይበላም፣ ወፍጮም አይፈጨው፤
ልጄ ደብተር ሊገዛ ቢወስደው ማን ሊቀበለው?

ብረት ላመጣ ብዬ ወረድኩ ኮምቦልቻ፣
ከሐጂ ኑርዬ፣ በዱቤ፣ በአፍ ብቻ።
ገና ከበሩ ላይ ፈገግ አልኩ፣ ትከሻቸውን ነካሁ፣
"አብሽሩ" የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁ።
መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ መዝገቡን ገልጠው፣
ስሜን አሳዩኝ፤ ሦስት ገጽ ሙሉ ነው።
"ልጄ" አሉኝ፣ "ብረቱ አለ፣ እንደ ልብህ፤
ላንተ ግን ለጊዜው አልችልም ልሽጥልህ።
ክፉ ሰው አይደለህም፤ ክፉ ሰው ይዘሃል፤
የሱ ሸክም ባንተ አልፎ እኔ ላይ ይወርዳል።"

ባዶዬን ተመለስኩ፣ ሐረጎን በሚኒባስ፣
መኪናው ሲያቃስት፣ የኔም ሆድ ሲብስ።
አልተቆጣሁም ግን፤ ደነገጥኩ በራሴ፤
ለካ ለሐጂ እኔ ሽፋው ነኝ፣ ከነልብሴ!

በነጋታው መጡ እመት ጦይባ ያሲን፣
በጨርቅ ጠቅልለው አንዲት ማጠፊያን።
"ይቺን ብቻ" አሉኝ፣ "ሌላው በር ደህና ነው፤
ያለኝ መቶ ሃያ፤ ካነሰህ ንገረኝ፣ ላምጣው።
እንዳትዋሸኝ ብቻ። መቼ ነው የምትጨርሰው?"
"ሐሙስ" አልኳቸው። ሐሙስ መጡ፣ ወሰዱ፤
ዓርብ ተመልሰው "ሲጥ ይላል!" ብለው ፈረዱ።
ዘይት ጠብ አደረግኩ። ሳቁና ሄዱ።
ሰኞ ጎረቤታቸው፣ ማክሰኞ የጎረቤታቸው ልጅ፣
አንድ አንድ ማጠፊያ፣ አንድ አንድ መቀርቀሪያ በእጅ።

በጥቅምት መባቻ ሽፋው መጣ ደግሞ፣
"የግቢ በር" አለኝ፣ መኪናውን አቁሞ።
"አብሽር" ከማለቱ ቀደምኩት፦ "አቶ ሽፋው፣
ያለፈው ሒሳብ ይምጣ፣ የአዲሱም ግማሽ አብሮ ነው።
ያ ካልሆነ ግን…" ድምፄ እዚህ ላይ ተሰበረ።
ሳቀ። ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁ ባፉ ቀረ።
"ጠገብክ!" ብሎ ሄደ። የት ጠግቤ፤ ርቦኝ ነበር፤
ያን ቀን ምሳም አልበላሁ። ከደብተሬ ላይ፣ ከዳር፣
ስሙን ከደንበኞቼ ሰረዝኩት በቀይ፤
ዕዳውን አልነካሁም፤ ይኸው እስካሁን እዚያው ላይ።

በየወሩ ጥቂት ለሐጂ አወርዳለሁ፤
እስክጨርስ ደንበኛ እንደማልባል አውቃለሁ።
ጉሙ ዛሬም ይገባል። እሱን አላባርርም፤
ዝገት ነው የሚያመጣው፣
"አብሽር" ግን አይለኝም።